አሲድ ያላጠበው

ሰሌዳው ሥር ቆሜ፣ በጣቴ ወረድሁ በፊደል ተራ፤
ዘላለም አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ዘርፌ ተጠራ።
በሁለቱ መሀል፣ ፀጉር በማያሳልፍ ክፍተት፣
እኔ ነበርሁ፤ ዘምዘም ይመር፣ ያለ ቀለም፣ ያለ ምልክት።

የጦሳ ጉም ወርዶ፣ ደሴ ራሷን አታይም፤
ደግ አደረገ፤ ጉም የሚያለቅስ ሰው አይጠይቅም።
ወደ ሐይቅ ስመለስ፣ ረዳቱ "ሒሳብ" ሲለኝ፣
የፈተና መግቢያ ካርዴን ሰጠሁት፤ አየውና መለሰልኝ።

ቶይባ ጎረቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ፤
ፊቴን አየችና "አብሽሪ" አለችኝ።
ሌላ ቃል አልጨመረች። ጎመን ትቀነጥስ ነበር፤
ግማሹን ወደ እኔ ገፋችው፤ ቀነጠስን እስኪጨልም፣ ያለ ነገር።

ሌሊት ቃለ መጠይቁ መጣብኝ።
"ለምን ሐኪም?" ሲሉኝ፣
"ሕዝቤን ለማገልገል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ..." ብያለሁ፣ እንደ ጥናት ቃል፤
መሀል የተቀመጡት ሴትዮ ብዕራቸውን ከደኑ፤ ብዕር ሲከደን ይሰማል።
ከእኔ በፊት የገባው ይህንኑ ብሏል፣ የሚከተለኝም ይለዋል፤
በተውሶ ቀሚስ ሠርግ ይዋላል እንጂ፣ መች ይኖራል?

ሲነጋ ውጤቴን እንደ በሽተኛ ውጤት አነበብሁት፦
ኬሚስትሪ፣ ደኅና። ፊዚክስ፣ ደም ማነስ።
እንግሊዝኛ፣ ክትትል ያሻዋል።
ቃለ መጠይቅ፣ ሳይደርስ ሞቷል።

ፊዚክሱን ያስያዘኝ አረቡ ነው፣ የጀልባ ቀዛፊው ልጅ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል፤
እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ፤ በልጅ ፊት ስሳሳት ጆሮዬ ሲግል።
"ጀልባዋ ወደ ፊት የምትሄደው ውኃው ወደ ኋላ ስለተገፋ ነው" ይለኛል፤
ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ ሐይቁ የደብተሬን ጠርዝ ያርሰዋል።

ሥራዬ ጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ፣ ሥራዬ አክታ፤
ብርጭቆ ላይ እቀባለሁ፣ ከጠዋት እስከ ማታ።
ቀይ ቀለም አፈስሳለሁ፤ ከሥሩ እሳት አነድዳለሁ፤
ቀጥሎ አሲድ። አሲዱ ሁሉን ሲያጥብ ቆሜ እቆጥራለሁ።
ያልጠበቀ ቀለም ወደ ገንዳው ይወርዳል፤
የጠበቀው ብቻ፣ ቀጭን ቀይ ክር ሆኖ፣ በሰማያዊ ላይ ይቀራል።

ያን ክረምት እኔም ታጠብሁ።
ነጩ ጋውን ታጠበ። "ዶክተር ዘምዘም" የሚለው ጥሪ ታጠበ።
አባቴ ገና ሳይደርስ የቆጠረው የመንደር ክብር፣ እሱም።
ምን ቀረ? ጎንበስ ብዬ ባይ፣ አልታይ አለኝ።

በጥቅምት፣ ጋሽ እንድሪስ ከቢስቲማ ለመጨረሻ ምርመራ መጡ።
ወረቀቱን በመስኮቷ ዘረጋሁ፤ እንደ ወትሮው እጅ ለእጅ።
"ምን ይላል?"
"የለም ይላል።"
"የለም?" ዝም አሉ። "የለም ተብሎ ደስ የሚል ነገርም አለ በዱንያ?"
ሳቅሁ፤ እኔን አንድ 'የለም' ክረምቱን ሙሉ አስተኝቶኝ።

በሩን ከፈትሁላቸው። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አሉ፤
ለቁጥጥር ያስቀመጥነውን የሚያዝያውን ብርጭቆ አሳየኋቸው፣ ቀዩን ክር፤
ከዚያ የዛሬውን፣ ባዶ ሰማያዊ።
"ሐይቁን ይመስላል" አሉ።
ቀና ሲሉ አየኋቸው፤ ግራ ቅንድባቸው ላይ አሮጌ ጠባሳ፣
አንድ ዓይናቸው ከሌላው ቀድሞ የሚስቅ።
አክታቸውን አራት ጊዜ አውቀዋለሁ፤ ፊታቸውን ያን ዕለት።

ዘንድሮ ቅጹ "ምክንያት" ብሎ ሦስት መስመር ሰጠኝ።
እንዲህ ጻፍሁ፦ "ከመስኮቷ ወዲያ ያለውን ፊት ማየት እፈልጋለሁ።"
ሁለቱን መስመር ተውኋቸው። ቶይባ "ሙይው እንጂ!" ብላ ተቆጣች፤
አልሞላሁትም።

ወደ ደሴ ስወጣ ያው ሚኒባስ፣ ያው ረዳት፤
"ሒሳብ" አለኝ፤ አወቀኝ መሰል፣ ከንፈሩ ጫፍ ሳቅ ቀረበት።
በዚህኛው፣ ብር ሰጠሁት።