ለሽታ ዓምድ የለም

አባቴ ሸድሊ የአየር ጠባይ መዝጋቢ ነበረ፣
ከወደቡ ጀርባ፣ ነጭ ሣጥን በአራት እግሩ በቆመበት ሜዳ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ማለዳ ማለዳ፣
ሙቀትና ነፋስ ሲቆጥር የኖረ።

መዝገቡ ሰባት ዓምድ አለው፤
ሙቀት ከነልኩ፣ ነፋስ ከነመምጫው፣
ሰማይ ለስምንት ተከፍሎ የደመናው ድርሻ፣
አቧራ ከተነሣም ሰዓቱ፣ መነሻ መድረሻ።
ለሽታ የሚሆን ስምንተኛ ዓምድ ግን
ከቱኒዝ ታትሞ አልመጣም፤
እሱም አልጠየቀም።

የብርዱን ወራት አገሬው በሌሊት ይቆጥራል፤
ሃያ ነጭ ሌሊት ያልፋል፣
ሃያ ጥቁር ሌሊት ይከተላል፤
በጥቁሮቹ መሀል ነፋስ ትንፋሽ ያጥረዋል፣
ባሕሩ ዘይት እንደፈሰሰበት ጠፍጣፋ ይተኛል።
ያኔ የፋብሪካው ጭስ ሽቅብ መውጣቱን ትቶ
በየጣሪያው ይወርዳል፣ በሆዱ ተጎትቶ፤
ሳያንኳኳ ገብቶ፣
ከትራሱ ሥር፣ ከዳቦው ቅርጫት ተኝቶ
ያድራል፤ ክብሪት ክብሪት፣ የከረመ እንቁላል ሸትቶ።
አባቴ በማግስቱ፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ፣
«ነፋስ፣ ዜሮ። ሰማይ፣ ጥርት ያለ።»
ምን ዋሸ? ኮከብ እንደሁ ሁሉም በየቦታው አለ።

ሮማኑ ሲያብብ የሸሂሊ ተራ ነው፤
ከበረሃ ተነሥቶ ሰማዩን እርድ ያስመስለዋል፤
ጥርስ ላይ አሸዋ፣ ሻይ ላይ አሸዋ፣
በቁልፍ ቀዳዳ የገባ አሸዋ።
እናቴ ቱርኪያ እርጥብ አንሶላ በበሩ ሥር ስትወትፍ፣
«ሸሂሊ ጨዋ ነው» ትላለች፣
«መልክ አለው፣ ድምፅ አለው፣ ከሩቅ እየጮኸ ይመጣል፤
ቢቆይ ሦስት ቀን ነው፣ በመጥረጊያም ይወጣል።
እኔ የምፈራው ያንን መልክ የለሹን፣
አልጋ ላይ አብሮኝ የሚያድረውን።»

በአውሱ፣ ሙቀቱ ሲግም፣ ጨው በቅንድብ ላይ ሲደርቅ፣
ቀን ቀን ነፋሱ ከባሕር ነው፤ ጭሱን ለተምሩ ይሰጠዋል፣
ማታ ከየብስ ዞሮ ለዓሣው ይመልሰዋል፤
የሟች አባት ዕዳ እንደሚገፋፉ ወንድማማቾች።
ጎረቤታችን ለዝሃር መረቡን ሲስብ ግራጫ ጭቃ ይወጣል፤
አይምልም፣ አይራገምም፤ መረቡን ያጥባል፣
ያጠበበትን ውኃ ቆሞ ያያል።

«አውድማ አጣቢ» ይሉታል፣ የመስከረሙን የመጀመሪያ ዝናብ።
ያን ዕለት መስኮት ሁሉ ይከፈታል፤
ፋርማሲስቷ ዐርቢያ ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች
መንገድ መሀል ወጥታ ትረጥባለች፤
ለአንድ ሰዓት ያህል መድኃኒት የሚጠይቃት የለም።
አፈሩ አፈር አፈር ይሸታል፣ ሂናውም ሂና፤
እስኪያባራ ድረስ ነው፤ ጭስ ሥራ አይፈታምና።

አባቴ ባረፈ በአርባኛው ቀን መዝገቦቹን ከመደርደሪያ አወረድኩ።
ከሰባተኛው ዓምድ ወዲያ፣ ባዶው ጠርዝ ላይ፣ የእርሳስ ነጥቦች ላይ ደረስኩ፤
አንዳንዱ ቀን ሦስት፣ አንዳንዱ ዘጠኝ፤
የዝንብ ኩስ መስሎኝ በጣቴ ጠረግኩ።
አይጠረግም። ከነፋሱ ዓምድ ጋር አመሳከርኩ፤
ነጥቡ የሚበዛው «ዜሮ» በተጻፈበት ነው።
በጥር አንድ ሌሊት፣ አሥራ አራት ነው።

ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን ፈለገች፣
ቀኑን አነበበች፣
በጣቷ ቆጠረች፤
ሳሏ መጣባት፣ አሳለፈችው፣ ደግማ ቆጠረች።
«አሥራ አራት ብቻ?» አለች፤
«እንግዲያ ያን ሌሊት እንቅልፍ ጥሎት ነበር።»
እርሳሱን ከእጄ ወሰደች፣
ሦስት ነጥብ ጨመረች።