ውሃ ልክ

ፔካሎንጋን፣ ከጃቫ ሰሜን ዳር፣ ከወደቡ ሰፈር፣
ሞተሬን አቆምኩ ውሃ ካልነካት አንዲት ክንድ አፈር።
ጨረቃ ስትሞላ ባሕር እዚህ መንደር ሳይጠራ ይመጣል፣
ጫማውን ሳያወልቅ ሳሎን ድረስ ገብቶ ተዘርፍጦ ይቀመጣል።

እትዬ ሩሚና በር ላይ ጠበቁኝ ሽርጣቸውን አሸርጠው፣
ቴሌቪዥናቸውን አራት ረድፍ ጡብ ላይ እንደ ሹም አስቀምጠው።
«አሮጌው ሞገድ ሞተ ቢሉን ጊዜ ይህን ሣጥን ገዛሁ፤
እሱም ዋይፋይ አምጪ ብሎ አፉን ከፈተ፤ የማጎርሰው አጣሁ።
ውሃ በመጣ ሌሊት እንቅልፍ የሚባል የለም፣ ታርጆ ልጄ፤
እስኪነጋ የጥላ አሻንጉሊት ልይበት፣ ባትሪዬን ይዤ በእጄ።»

ገመድማ አይሆንም።
ራውተሩ ጓዳ ነው፣ ከጣሪያው ሥር፣ የልጅ ልጃቸው ሰቅሎት፤
የአምናው ገመድ ወለል ለወለል ሲሄድ ጨው አግኝቶት፣
መዳቡ አረንጓዴ ጢም አብቅሎ፣ በጣቴ ስነካው እንደ አመድ—
ይቅር፤ በአየር እንሞክር፣ ያለ ገመድ።

ከኪሴ አወጣኋት፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር፣
አንድ ቀጭን ቀንድ እንደ ፌንጣ፣ ሆዷ ላይ የተፋቀ ቁጥር።
ከሣጥኑ ጀርባ ሰካኋት። ጠበቅሁ። ዝም። መብራትም የለ፣
ማያው ላይ «መሣሪያ አልተገኘም» የሚል ብቻ ተንጠለጠለ።

«አስማሚ ብለው ሰይመውሽ አንቺው ራስሽ ካልተስማማሽ፣
የማንን ሽማግሌ ልላክ፣ በማን አማላጅ ላስታርቅሽ?»
እትዬ ሩሚና ሳቁ። እኔ ሥራዬ ነውና አልሳቅሁም፤
ይህ ሣጥን እንደ አማት ነው፣ መልክ አይቶ ምራት አይቀበልም፤
ሆዷ ውስጥ ያለውን ቺፕ ይመረምራል፤ ዘሯን ካላወቀ «ግቢ» አይልም።

ሁለተኛዋን ሰካሁ፤ ጋለች፣ ሸተተች፣ ሞተች።
ሦስተኛዋ፣ ከሁሉ ርካሿ፣ ሰማያዊ ዐይኗን ገለጠች።

ያን ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ማያው ላይ ወጣ፣ ስም በስም፦
«ዕዳህን ሳትከፍል አትገናኝ» የሚለው የባለሱቁ የሙክሪም፣
የመስጊዱ፣ የዓሣ በረዶ ቤቱ፣ «ሌባ ሆይ ሰላም» የሚል ባለቤቱ ያልታወቀ፣
ደግሞም የካስሙሪ፣ ውሃውን ሸሽቶ ከሄደ አምስት ወሩ የዘለቀ።
«ፓምፑ እንዳይቆም መብራቱን አልቆረጠም» አሉ እትዬ ሩሚና፣
«ሰውየው ሄደ፤ ስሙ ግን አለ፣ በባዶ ቤት ይበራልና።»

የእሳቸው ከታች ነበር፣ ሦስት ቅስት፣ አንዱ የደበዘዘ።
«የይለፍ ቃሉስ?» ስል፣ ጣታቸው ወደ ግድግዳው ተመዘዘ።

በከሰል የተሰመሩ መስመሮች፣ አንዱ ካንዱ ከፍ ያለ፣
ከጎናቸው ቀንና ሴንቲሜትር፣
ባሕሩ በጎበኘ ቁጥር አንድ አንድ እየተባለ።
«ልጁ እንዳልረሳው ብሎ ነው። ባሕር በል፤ ቀጥሎ ቁጥር ብቻ፣
የላይኛውን መስመር እይ፤ እሱ ነው የቤቴ መክፈቻ።»

ስድሳ አንድ።
ባትሪ መክደኛው በፕላስተር በታሰረ ሪሞት፣ ፊደል ለቅሜ በፊደል፣
ቀስቱ ወደ ቀኝ ስል ወደ ታች፣ ወደ ታች ስል ሲዘል፣
አንዴ ተሳሳትኩ። ደገምኩ። ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ደከመች፤
ከብርሃኑ ፊት አንዲት አፍንጫ ረጅም ጥላ ክንዷን አንስታ ቆመች።

ክፍያዬን ግማሹን በደረቀ ዓሣ ተቀበልኩ።

በሦስተኛው ወር ደወሉ፦ «ታርጆ፣ ሣጥኑ አላውቅሽም አለኝ።»
ሄድኩ። አስማሚዋ በቦታዋ፣ ሰማያዊ ዐይኗ እያየኝ፣
ምኗም አልተነካ። ጡቡን ቆጠርኩ፤ አምስት ረድፍ ሆኗል።
ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ፤ አዲስ መስመር ተሰምሯል።

ምንም አልጠየቅኩ። ስድሳ አንድን አጠፋሁ፣
ስድሳ ስምንት ጻፍኩ።

«ተገናኝቷል» አለ ሣጥኑ።
እትዬ ሩሚና ማያውን አላዩም፤
ከጡቡ እስከ ጣሪያው የቀረውን ባዶ
በዐይናቸው ይለኩ ነበር።