ግማሽ ኢንች

ሰፈሬን ሲጠይቁኝ «ቧንቧ ውሃ» እላለሁ፤
ጠያቂዬ ሲስቅ አብሬው እስቃለሁ።
ደሴ ላይ ይህ ስም ቀልድ ነው፤ ውሃው በፈረቃ፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ መጥቶ ሳንነቃ፣
ጎሮሮውን ጠርጎ፣ ሁለቴ አስነጥሶ
ይሄዳል፣ የባልዲውን ቂጥ ብቻ አርሶ።

አባቴ ጓንጉል ለዚህ ነው ጣሪያ ላይ ሮቶ የሰቀለ፤
እኔም፣ እሱ ባረፈ በዓመቱ፣ ዕቁቤ ሲደርሰኝ፣
ከሮቶው ሥር ሰማያዊ ፓምፕ ተተከለ።

ሞተሩ ያጉረመርማል፤ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፤
ከሻወሩ ግን ክር ብቻ ይመጣል፣
እንደ ባለዕዳ ቃል እየተቆረጠ፤
ሳሙናው ጀርባዬ ላይ ረግቶ፣
የጦሳ ብርድ በመስኮት ገብቶ እየገላመጠ።

ይመርን ጠራሁት።
ይመር ቧንቧ ሠሪው ብዙ አይናገርም፤
ግን ውሃ ያጣ ቤት ገብቶ «አብሽሪ» ሳይል መፍቻ አያነሳም።
የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ተክሎ፣
እጀታውን ከጆሮው አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዝም ብሎ...
«ልቡ ደህና ነው» አለ። «በሽታው ሌላ ነው።»

ሮቶው ላይ ወጣ። ሞልቷል። ጋላጃንቱ እንደ ዳክዬ ይንሳፈፋል።
ወንፊቱን ፈታ፤ ዝገት፣ አሸዋ፣ የጢንዚዛ ክንፍ ይራገፋል።
አጠበው። ትንሽ ለውጥ፤ ትንሽ ብቻ።
የሻወሩን ራስ ነቀለ ለብቻ፤
ቀዳዳው ሁሉ ኖራ፣ እንደ ዓይን ሞራ፤
በአቼቶ ተዘፍዝፎ አደረ በድስቴ፣ ከሽሮዬ ጋራ።

«ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም ይሆናል» አልኩት።
በጠራራ ቀን ሞከረው። ያው ነው።
«አየር ይዞ ይሆናል» አለ። ቡሎኑን ሲያላላው
ፉጨቱ ድመቷን ከአጥር አዘለላት። ያው ነው።

በመጨረሻ ባልዲ ጠየቀኝ፤ ሰዓቱን አየ።
ከፓምፑ አፍ ሥር ባልዲው በአንድ ደቂቃ ሞልቶ ፈሰሰ፤
ከሻወሩ ሥር ግን፣ እኔ ሽንኩርቴን ከትፌ ጨረስኩ፣
ግማሹ አልደረሰ።
ይመር ጎንበስ ብሎ ባልዲውን አየና
«መሀል ላይ የሚጠጣ ሰው አለ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከኮኩ ዛፍ ሥር ቆፈርን። ክንድ ሳይሞላ ተገኘ፤
አረንጓዴ፣ ግማሽ ኢንች፣ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ ጎረቤት የተሸኘ፣
መጋጠሚያው በብስክሌት ከመነዳሪ አሥር ዙር ታንቆ።
ያን አጠማጠም አውቀዋለሁ፤
የጃንጥላዬን እጀታ፣ የሬዲዮኑን አንቴና፣
አባቴ እንዲያ ነበር የሚያስረው፣ ቋጠሮውን በጥርሱ አጥብቆ።

እቴ ዘምዘም በአጥሩ ብቅ አለች፤ ስሟ የውሃ፣ ግቢዋ የድርቅ፣
እጇን በሻሿ ስታደርቅ።
«ያን ክፉ ክረምት፣ ቦቴው የቀረ ጊዜ፣ አባትሽ በሌሊት ቆፈረው።
‹ለልጄም አትንገሪ፤ ደግ ሥራ ሲያወሩት ይደርቃል› ብሎ
አፈሩን መልሶ ከመረው።
እኛ ስንከፍት አንቺ ዘንድ እንደሚጎድል፣ ወላሂ፣ አላወቅሁም።»
ከኋላዋ አምስት የልጅ ልጆች፣ ጀሪካን የታቀፉ፣ አንዱም አልተናገረም።

ይመር መድፈኛውን በመዳፉ ይዞ አየኝ።
ሠላሳ ብር ነው ዋጋው።
«ልድፈነው?»
አባቴን በልቤ ተቆጣሁት፤ ለኔ እንኳ!
ከዚያ «ተወው» አልኩ። «አፈሩን መልሰው።»
የተቀበለኝ የአቼቶውን ሂሳብ ብቻ ነው።

አሁን ልታጠብ ስል ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኳለሁ፤
እቴ ዘምዘም ትዘጋለች፣ እኔ እከፍታለሁ።
አንዳንዴ ትረሳለች።
ሳሙና ዓይኔ ውስጥ ገብቶ፣ በእርጥብ ጡጫዬ ግድግዳውን ስደቃ፣
ከወዲያ ሳቅ፣ የሰሃን ኳኳታ፣
«አፉ በይኝ ልጄ!»
ከዚያ ውሃው ይመጣል፣ በሙሉ ክንዱ፣ ትከሻዬ ላይ።
ቶሎ ቶሎ እላለሁ፤
ምሳ በልተው ዕቃ የሚያጥቡበት ሰዓት ነው።