ከመሸ እርሾ አይሰጥም

የቸቸላው ዳቦ ቤት "ዱቄት የለም" ብሎ በሩን በዘጋ ለት፣
ኩባያ አንጠልጥዬ፣ አመሻሹ ላይ ሄድኩ እትዬ አንጓች ቤት።
"ትንሽ እርሾ" ብላቸው፣ ሰማዩን አዩና ከኔ ፊት አስቀድመው፣
"ከመሸ እርሾ አይሰጥም" አሉኝ፣ መቃኑን ይዘው ቆመው፤
"የቤት ሲሳይ ነው፣ ጠዋት ና፤ ጨለማ አይወድም።"
ኩራት ያዘኝ። ጠዋት አልሄድኩም።

የማርመላታ ጠርሙስ በፈላ ውሃ አጥቤ፣
እህቴ ከጠዳ ከላከችው ስንዴ ሁለት ማንኪያ ዝቄ፣ ውሃውን ቀልቤ፣
በጣቴ አማሰልኩት። አፉን በጨርቅ አሰርኩ።
መስኮቱ ላይ አኑሬ፣ አልጋዬ ጫፍ ሆኜ ስጠብቀው ዋልኩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ፒያሳ ደረጃው ሥር ሰዓት ጠግኛለሁ፤
የቆመውን ከፍቼ፣ በወረንጦ ይዤ፣ አስነስቻለሁ።
ይኼ ግን ሞላ የለው፣ ጥርስ የለው፤
ጠርሙስ ውስጥ ያለ ጭቃ፣ በየት በኩል ልፍታው?

አንደኛው ቀን፣ ምንም።
ሁለተኛው፣ ማጉያዬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ ባየውም፣
ምንም።
ሦስተኛው ቀን ሸተተ፣ እንደረጠበ ውሻ፤
"ጋሼ፣ አይጥ ሞቷል እንዴ?" አለኝ ከግድግዳው ማዶ ተከራዩ ማስረሻ።
አራተኛው ቀን ዝም አለ። ላዩ ላይ ያቆረው ውሃ ጠቆረ፤
ልደፋው ከደጅ ስወጣ፣ መብራት ጠፋና ቀረ።

ያን ሌሊት የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ብርዱ አጥንት ውስጥ ሲገባ፣
ጋቢዬን ገፍፌ ጠርሙሱን ጠቀለልኩት፣ ደረቴ ላይ፣ ከክንዴ ጋር ሳግባባ።
ልጅ እንኳ ታቅፌ እንደዚያ አላደርኩም።

ግማሹን ደፋሁ፣ ግማሹን መገብኩት፤ እንደገና፣ እንደገና።
ስድስተኛው ቀን፣ ከአንገረብ በኩል ጭጋጉ ሲነሣ፣
ጠርሙሱን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት፤ ልማድ መቼ ይረሳ!
ቲክ ቲክ አይልም። ይንሾካሾካል፣ ሊፈላ እንዳለ የጠላ ጋን፤
ማንም ሳይሞላው፣ ማንም ሳያስተካክለው፣ ይቆጥራል የራሱን ቀን።

ዳቦውን ተውት። በድስት ጋገርኩት፤ ታቹ አረረ፣
መሃሉ ሊጥ ሆኖ፣ ቅርፊቱ እንደ ኮብልስቶን ጠጠረ።
ያም ሆኖ ግማሹን በሳህን ይዤ፣ ሆን ብዬ አምሽቼ፣
የእትዬ አንጓችን በር መታሁ፣ አንገቴን አቅንቼ።

ቆርሰው አኘኩ። ብዙ አኘኩ።
"እርሾውስ እርሾ ነው" አሉ።
ደግሞ አኘኩ።
"ጨው ረስተሃል።"
ሳህኔን ሲመልሱልኝ አንድ እፍኝ ጨው ነበረበት።
ውጭው ጨልሟል።