የጉድለት ዓምድ

ደሴ ላይ ሲጫን መቶ ኪሎ ነበር፤
ደረሰኙም ይላል፣ ማህተሙም ይመስክር።
ጦሳ ጭጋግ ለብሶ፣ ጆንያው ደጅ አድሮ፣
ጤዛ ጠግቦ ነበር በሲባጎ ታስሮ።
ሐረጎን ሲወርድ፣ ካፖርት ሲወልቅ፣
ጆሮ ጭው ሲል፣ ብርዱ ወደ ኋላ ሲርቅ፣
በየኩርባው ጥቂት፣ ጥቂት እየተነነ፣
ኮምቦልቻ ሲደርስ ዘጠና ስምንት ሆነ።

«ሁለቱ ኪሎ የት ገባ?» ይለኛል መዝገብ።
«ሰማይ ገባ» አይባል፤
ለሰማይ ዓምድ የለም፣ ለደመና ሒሳብ።

ጥቁር አዝሙድ ነው ዕቃው። ሥራችን ማበጠር፣
መንፋት፣ መልቀም፣ መመዘን፣ መቶ መቶ ግራም መቋጠር።
አፈሩ በወንፊት፣ ገለባው በነፋስ፣
ጠጠሩ በጣት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ስናስነጥስ።
አንዴ የሸሚዝ ቁልፍ ይወጣል፣ አንዴ የጥይት ቀለህ፣
አንዴም የብር ጉትቻ።
ጉድለት የሚል ዓምድ አለኝ፤
ጉትቻውን የት ላግባው?

ይኸኛው ጆንያ ዘጠና ስድስት ይሰጣል፤
ያኛው፣ ካንድ ማሳ የመጣ ወንድሙ፣
ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ይቆማል።
ዋጋቸው እኩል ነው፣ ስፌታቸው እኩል፤
ሆዳቸውን ግን ከጦይባ በቀር ማን ያውቃል?

ጦይባ እጇን እስከ አምባሯ ትሰዳለች፣
ትጨብጣለች፣ ትለቃለች፣ መዳፏን ታሸታለች፣
«ዘጠና አንድ» ትላለች።
«ይኼ ዝናብ አግኝቶታል። ያ ደግሞ ከአውድማ ተጠርጎ ነው የታፈሰ፣
መሬቱን ነው የሸጡልህ።»
ስንነፋው፣ ቢበዛ ግማሽ ኪሎ ብትስት ነው።

ከኔ በፊት መጋዘን ያዡ ሙሄ አረቡ ነበር።
ከመቶው መቶ ይውጣ ተባለ፤ አልወጣም።
«ሌባ» አላሉትም፤
በየወሩ ቆረጡበት እንጂ።
ሦስት ዓመት ሙሉ፣ የአራት ልጆች አባት፣
ከደሞዙ የጦሳን ጭጋግ ዕዳ ከፈለ።

አንድ ሐሙስ ማታ ብቻውን ቀረ።
የተነፋውን አፈር በአካፋ መለሰው፣
አዋሃደው፣ አሸገው።
በዚያ ወር ሒሳቡ ገጠመ፤
ሥራ አስኪያጁ አቶ አበጋዝ በሰው ፊት እጁን ጨበጡት።
በማግስቱ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ
ሐርቡ፣ እህቱ ዘንድ ሄደ።
ምነው ቢሉት፣
«እጄን የጨበጡት ለአፈሩ ነው» አለ አሉ።

እኔ መዝገቡን ከፋፈልኩት።
ለያንዳንዱ ጆንያ አንድ ገጽ፣ ስም እንዳለው ሰው፦
የተጫነበት ቀን፣ የዚያን ቀን ሰማይ፣
የመጣበት ክብደት፣ ጦይባ ያለችው፣
የወጣው፣ የቀረው፣
አፈሩም ራሱ ተመዝኖ፣ እንደ ዕቃ ተከብሮ።
ከዚያ ወዲያ የሚጎድለው ነፋስ ነው፤
ነፋስም ቁጥር አለው፤ ባለፈው ማክሰኞ
አንድ ነጥብ ሁለት ነበር።

ኦዲተሩ መጣ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ ላቡ እየወረደ።
«የአንድ ጆንያ አማካይ ስንት ነው?» አለኝ።
«ጌታዬ፣ አማካይ የሚባል ጆንያ
እስካሁን አልተጫነልንም» አልኩት።
ጦይባ ሻርፗን አፏ ላይ ሳበች።
ለአቧራው መስሎት ይሆናል።

ማታ፣ ከመጨረሻው ጆንያ
ስልሳ ግራም ተረፈች፤
ለፓኬት አትሞላ፣ ለመጣል አታስችል።
ከነገው ጋር ብደባልቃት የነገውን ታሳስታለች፤
ለጦይባ ብሰጣት፣ እሱም ዓምድ ይፈልጋል።
ቋጠርኳት።
የጆንያውን ቁጥር፣ ቀኑን፣ «ያልሞላች» ብዬ ጻፍኩባት፣
መደርደሪያው ላይ፣ ከጉትቻው ጎን አስቀመጥኳት።