ከዘጠነኛው ደረጃ በታች

ቀን ፎቶ ቤት ነኝ፤ «አትነቃነቁ፣ ቀና በሉ» እላለሁ፣
ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ሰው በጉርዱ አነሣለሁ።
ማታ የማነሣት ግን መታዘዝ አታውቅም፤
እኔ ቆሜ ብጠብቅ፣ ሰማዩ አይቆምም።

ሠራሁላት ታዲያ፦ ሁለት የዋንዛ ጣውላ፣
አንድ የበር ማጠፊያ፣ አንድ ብሎን ከኋላ።
በደቂቃ አንድ ዙር ብሎኑን በጣቴ እያዞርኩ፣
ሰከንዱን በከንፈሬ እየቆጠርኩ፣
ምድር ዞራ የወሰደችብኝን
በጥርስ በጥርሱ አስመለስኩ።

ማጠፊያው የሚያነጣጥር ወደ ሰሜን ኮከብ ነው፤
እሱም እዚህ ባሕር ዳር ዝቅ ብሎ ነው የሚኖረው፣
ከጣና ውሃ በላይ አንድ ጭብጥ ከፍ ብሎ፣
ታንኳ ቀዛፊ የረሳው ፋኖስ መስሎ።

ከደንገሉ ዳር ቆሜ፣ ጉማሬ ሣር ሲነጭ እየሰማሁ፣
መብራት ሄዶ ከተማው ሲራገም፣ ተመስገን እላለሁ።
መስታወቱን ጤዛ እንዳይዘው
የሞቀ ውሃ በካልሲ ጠቅልዬ አስታቅፈዋለሁ።

አንድ ሌሊት በሰባት ሰዓት ጥበቃው አያ ስንሻው
ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራው።
«ድልድዩን ነው የምታነሣ?»
«ኮከብ ነው፣ አባቴ።»
«ትናንትም እዚሁ ነበርህ። ምን አዲስ ነገር አለውሳ?»
«አንዷ ደብዝዛለች» አልኩት።
ባትሪውን አጠፋ። አንጋጦ ቆየ።
«የትኛዪቱ?»

ዓሣ አንበሪው አንገት ላይ፣ ያቻት፣ ቀይዋ፤ ሚራ ይሏታል።
አሥራ አንድ ወር ነው ዙሯ፤ ስትፈካ ማንም በዓይኑ ያያታል፣
ከዚያ ትከስማለች። ጎረቤቶቿን ምስክር አቁሜ፣
«ከዚህኛው ታንሳለች፣ ከዚያኛው ትበልጣለች»
እያልኩ እጽፋለሁ፣ ሌሊቱን ቆሜ።

በኅዳር ጅራታም ኮከብ መጣ፤
ሕዝቡ በባጃጅ እየተጫነ ወደ ውሃው ዳር ወጣ።
አንዱ «ጦር ነው» አለ፣ አንዱ «ድርቅ»፤
አንዷ ሙሽራ ከነቬሎዋ «ከሱ ጋር አንሣኝ» አለች ስትስቅ።
አነሣኋት። ሠላሳ ሰከንድ እንደ ሐውልት ቆመች፤
ሚዜዋ ግን ትንኝ ስትመታ ጭስ ሆና ወጣች።
በአሥረኛው ቀን ሄደ፣ የሰማንያ ሺህ ዓመት ቀጠሮ ይዞ።
ዳርቻው ጭር ሲል አያ ስንሻው መጣ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፦
«ያችሳ? ቀይዋ?»

በጥር መጨረሻ አጣኋት። ሃያ ጊዜ አነሣሁ፣ ሃያውንም ደራረብኩ፤
ጎረቤቶቿ አሉ። የሷን ቦታ ጥቁር ሆኖ አገኘሁ።
«ሞተች?» አለኝ።
መዝገቡን በባትሪው አሳየሁት፦
ጥር ሃያ ሰባት፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። ሰማዩ ጥሩ።
አልታየችም። ከዘጠነኛው ደረጃ በታች።
«እንዲህ ነው የሚጻፈው» አልኩት።
«‹የለችም› የሚባል ዓምድ የለውም።»

በሚያዝያ ወይዘሮ ደብሪቱ መጡ፣ እንደየዓመቱ፣
ያንኑ ጉርድ ይዘው፦ በመተማ የወጣው ልጅ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ።
«ትንሽ አሳድግልኝ።»
ባሳደግኩት ቁጥር ዓይኑ ወደ ነጠብጣብ ይበተናል፤
አንድ ነጥብ፣ አንድ ነጥብ፣ ኋላ ወረቀቱ ብቻ ይቀራል።

«ከጀርባው ጻፍበት» አሉኝ። ሁልጊዜ ስሙን ነበር የምጽፈው።
ልማድ ሆኖ እጄ ቀኑን ጻፈ፣ ሰዓቱን፣
ቀጥሎም «አልታየም» አለው።
ደነገጥኩ።
መነጽራቸውን አድርገው በዝግታ አነበቡ፤
ጣታቸውን ከቃሉ ጫፍ አኖሩና፦
«እዚህ ላይ ‹ገና› በልበት።»

ማታ ደመና ነበር። ጣውላዬን በላስቲክ ጠቀለልኩ።
ከድልድዩ ወገን የአያ ስንሻው ባትሪ አንዴ በራ፣ ጠፋ።
እንደገና እስኪበራ ቆጠርኩ።