የሂሳብ ግብግብ

እሑድ በስድስት ሰዓት፣ ከአሞራ ገደል በር፣
ያችው ጠረጴዛ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር።
አንድ እግሯ አጭር ነው፤ ካርቶን አጥፈን ሸጎጥን፣
እሷ ዘመም ስትል እኛም ተቀመጥን።

ዱካሞ ባጃጁን አጥሩ ጥግ አቁሞ
ገና ሳይቀመጥ አዝዟል አስቀድሞ፦
«ቆሮሶ፣ አራት ጥብስ! ዳጣው በደንብ ይምጣ!
ያለፈው እሑድማ እንባዬም አልወጣ!»

አዝመራ ከሌሊት ተራዋ ወጥታ፣
ጋዋኗን በፌስታል ጠቅልላ አስገብታ፣
«እንቅልፌን ለዓሣ ስል ሸጥኩት ዛሬ» አለች፣
አንዱን ወንበር ለሷ፣ አንዱን ለግሯ ሳበች።

ፍሬሰንበት ብቻ ዘግይቶ ደረሰ፣
በጠራራው፣ በእግሩ፣ ሸሚዙ እንደራሰ።
«እኔ በልቻለሁ፤ ብሉ እናንተ» አለ፣
አንድ ውሃ ጠጣ፣ ሌላም አስከተለ።

ሰምተናል። ከሼዱ ስም ዝርዝር ሲለጠፍ
የሱ ስም እንዳለ በሦስተኛው ረድፍ።
እሱም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅን፣
ስለ ኳስ አወራን፣ በማይሆነው ሳቅን።

ሜኑው ላይ የድሮው ዋጋ ተሰርዞ
ሌላ ተለጥፏል፣ በፕላስተር ታግዞ።
ሲያነበው አየሁት፣ ከንፈሩ ሲያሰላ፤
ከዚያ ሜኑውን ደፍቶ ዞረ ወደ ሌላ።

ዓሣው መጣ፤ ጎኑ ተተልትሎ ዳር ዳር፣
ዘይቱ ገና እላዩ ሲንጫጫ፣ ሲናገር።
በእጅ ነው፤ ሹካማ ለዓሣ ምን ያውቅለታል፣
እሾሁን ከሥጋው ጣት ብቻ ይለያል።

ራሱ የፍሬ ድርሻ ነው፣ ከታቦር ጀምሮ፣
«ለፈተና ይበጃል» ይለን ነበር ድሮ።
ዛሬ አራት ራሶች ሳህን ላይ ቁጭ ብለው፣
እነሱ ሲያፈጡበት እሱ ሐይቁን ሲያየው።

አዝመራ ናት ቀድማ እጇን የዘረጋች፤
ነርስ ናት፣ የልብ ምት ሳትነካ ታያለች።
ጉንጭ የሚሞላ ጠቅልላ፣ ዳጣውን አጥቅሳ፣
«በሞቴ!» አለችው፣ እምቢታው ሳይነሳ።
«አንድማ ያጣላል» — ሁለተኛው ከእኔ፤
«ያስታርቃል ሦስቱ!» ዱካሞ ከጎኔ።

አራተኛዋን ግን በገዛ እጁ ቆረሰ።
ቀስ እያለ። ራሱን ሳበው። አፈረሰ።
ከዚያ ማንም አይቶት እንዳያፍር ብለን
ሦስታችንም በአንዴ ወደ ሐይቁ ዞርን።

አባ ኮዳ ቆሟል፣ ራሰ በራ ዳኛ፣
አጥንት እስኪጣልለት የማይፈርድ በእኛ።
በልቶ ይነሣል እንጂ ሂሳብ አይጠየቅ፣
ክንፉን ይዘረጋል፣ መሬቱን ሲለቅ።

መጣ ሂሳቡ፤ ከስቲኪኒው ጋር ታጥፎ፣
ነፋስ እንዳይወስደው በጠርሙስ ተደግፎ።

ሌላ ጊዜ እሱ ነው ግብግቡን የሚረታ፣
«እናቴን!» እያለ ክንድ ሲይዝ፣ ሲፈታ፣
አስተናጋጇንም ጠቅሶ አስቀድሞ
ከፍሎ የሚጠብቀን፣ እጁን ታጥቦ ቆሞ።
ዛሬ ዝም ብንል ዝምታው ያወራል፤
እሺ፣ ክፈል ብንል ኪሱ ይናገራል።

ስለዚህ ታገልነው፤ እንደ ልማዳችን።
ጮኽን። ወንበር ወደቀ። ሰው ዞሮ አየን።
እሱም እጁን ሰደደ ወደ ኋላ ኪሱ፣
«በሕግ አምላክ፣ ልቀቁኝ!» — አልጎደለም ከሱ።

ያዝኩት። ያን እጅ ያዝኩት፣ እዚያው ኪሱ ውስጥ፣
ከወትሮው አጥብቄ፣ ወጥቶ እንዳያመልጥ።
ጣቱ በጨርቁ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ፤
ጭብጥ አድርጎ ይዟል — ምን እንደሁ አላየሁ።
ትንሽ ታገለኝና፣ ከወትሮው ቀደም ብሎ
ተሸነፈልኝ። በቃ። ትከሻውን ጥሎ።

«የሚቀጥለው በእኔ!»
                    «በአንተ ነው፣ ማን ነክቶት!»
አለችው አዝመራ፣ ብሩን አኑራበት።

ያንዱን ዓሣ አከርካሪ አነሣ፣ ወረወረ፣
ለአባ ኮዳ፣ እንደ ጌታ፤ ወፉም አከበረ፣
ጎንበስ ብሎ ዋጠው።

«በእግሬ ልሂድ» አለን፣ «ሆዴን ላንሸራሽረው»፤
ሸሚዙን አራግፎ መንገድ ጀመረው።
ዱካሞ ባጃጁን አስነሥቶ ዞረ፣
«ግባ፣ በዚያው ነኝ!» ብሎ ጡሩምባ ጨመረ።
የሱ ቤት ዳቶ ነው፣ የፍሬ አላሙራ፤
መንገዱ በየት ነው አንድ ላይ የሚመራ?
አዝመራ ሳቀች፣ ጫማዋን ፈለገች፣
«ክብ ነው መንገዱ፣ ሐዋሳ ነው» አለች።